የሀሚዱ ባጃጅና የእናትነሽ ዳግም አረቄ

ሐይቅ ከተማ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ቤንዚን አይፈልግማ። ሀሚዱ ግን ይፈልጋል። በ2014 ሐምሌ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ሌላ ነገር አልነበረም።

ዕድሜው አርባ ስድስት ነው፤ ፊቱ ስልሳ ይላል። ከመናኸሪያው ወደ ሱሉላ ሰው ያመላልሳል። ባጃጇን የገዛችው ሚስቱ ሀፊዛ ናት፤ ስድስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ጠርጋና አብስላ። ስለዚህ ሀሚዱ መሪዋን የሚጨብጠው የአማቱን እጅ እንደሚጨብጥ ሰው ነው፣ በአክብሮትም በፍርሃትም።

መዘዙ የመጣው በሊብሬው ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጦርነቱ ሐይቅ ሊደርስ ሲል ሀሚዱ ቤተሰቡን በባጃጇ ጭኖ ሸሸ። ከመውጣቱ በፊት ግን ሊብሬውን በፌስታል ጠቅልሎ ጓሮ ቀበረው። ሰው ወርቁን ይቀብራል፣ እሱ ሊብሬ ቀበረ። «መንገድ ላይ ባጃጇን ቢነጥቁኝ እንኳ ሊብሬው ይቀርልኛል» አለ። ያን ቀን የሚያስቅ ነገር አልነበረም እንጂ ሀፊዛ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ባጃጇን ይዘው በደህና ተመለሱ። ሊብሬውን ምስጥ በልቶ ሽፋኑን ብቻ ትቶለት ነበር።

ይህም ባልከፋ። መንግሥት ግን ድጎማውን አነሣለሁ አለ። ሕዝብ የሚያመላልስ ሁሉ ይመዘገባል፣ የተመዘገበ በድጎማ ይቀዳል፣ ያልተመዘገበ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ለመመዝገብ ሊብሬ ያስፈልጋል። ለምትክ ሊብሬ ደግሞ «ይህ ሰው ሹፌራችን ነው፣ ጠባዩም ደህና ነው» የሚል የባጃጅ ማኅበሩ ደብዳቤ። ሊቀመንበሩ ሐጂ አብዱልጀባር ሦስት ሳምንት ሙሉ «ነገ ና» እያሉ አመላለሱት። ሀሚዱ እስከዚያው በሙሉ ዋጋ እየቀዳ በድጎማ ታሪፍ ይጭናል። ማታ የሚገባው ወገቡን ይዞ ነው።

አንድ ቀን የጫነው መምህር ነገር አመጣበት፤ አዲስ አበባ ድሮ ከሸንኮራ የወጣ አልኮል ቤንዚን ላይ እየቀላቀሉ መኪና ይነዱ እንደነበር አጫወተው። ሀሚዱ መምህሩን ሱሉላ አወረደው። ሲመለስ በቀጥታ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው አረቄ አውጪ፣ እናትነሽ ቤት ገባ።

«እታለም፣ ሁለት ሊትር ዳግም አረቄ ቅጂልኝ።»

እናትነሽ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሀያ ዓመት ጎረቤቷ ሆኖ ደጇን ረግጦ አያውቅም፤ ረመዳን ላይማ በዚያ በኩል መተንፈስም ይተው ነበር።

«በጤናህ ነው?»

«ለእኔ አይደለም። ለባጃጇ ነው።»

«እሷስ ምን ሆና መጠጥ ጀመረች?»

«ኑሮ መርሯት።»

እናትነሽ ከመደርደሪያው ጠርሙስ አውርዳ በቆርኪ ጠብ አደረገችና ክብሪት ጫረች። ሰማያዊ እሳት ተነሣ።

«ወላሂ፣» አለ ሀሚዱ፣ «ቀረጥ የለበት፣ ወረፋ የለበት።»

ጠርሙሱ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ፤ ለሀሚዱ ከጄሪካኑ ተቀዳለት።

ሀሚዱ አረቄውን ታንከሯ ውስጥ ገለበጠው። ባጃጇ ሁለት የአምባሰል ገበያተኛ ሴቶች ይዛ ከከተማ እስክትወጣ ሄደች። ዳገቱ ላይ አስነጠሳት፣ አነከሰች፣ ቆመች። ሀሚዱ ጎማ ቱቦ ታንከሯ ውስጥ ከቶ የገባውን በአፉ እየሳበ ያስወጣ ጀመር፤ የባጃጅ ሹፌር ሌላ ምን ፓምፕ አለው? ግማሹ መሬት ፈሰሰ፣ ግማሹ ጢሙ ላይ። ሴቶቹ ተያዩ። አንደኛዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። በእግራቸው ነው የሄዱት።

ለአስር ሰላት መስጊድ ሲደርስ «ሀሚዱ ጠጪ ሆነ» የሚል ወሬ ጠበቀው። እዚያ ጥግ ሰክሮ ገደል ገባ ይላሉ፣ እዚህ ጥግ ሴቶቹን ሊሰድብ ነበር። አንዱ እንዲያውም ሲዘፍን ሰምቻለሁ አለ፣ በአምባሰል ቅኝት። ሀሚዱ በዕድሜው ዘፍኖ አያውቅም።

ቤቱ ሲገባ ሀፊዛ በር ላይ ቆማለች። የሆነውን አንድ ሳይቀር ነገራት።

«ጠጣ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «የስድስት ዓመት ጉልበቴን ነው አረቄ ያጠጣኸው?»

በማግስቱ ሐጂ አብዱልጀባር «ነገ ና» ማለቱን ተዉት።

«ለጠጪ ሹፌር ማኅተም አላሳርፍም።»

«ባጃጇ ላይ ነው የጨመርኩት፣ ሐጂ።»

«አረቄው የሚነድ ከሆነ ምነው ቆመች? የሸጠችልህ ሴት መጥታ ትመስክር።»

ሀሚዱ እናትነሽ ዘንድ ሄዶ ነገሩን ነገራት። እሷ እሳቱን ቆሰቆሰች።

«ነዳጁ ሲወደድ የጌሾውም የማገዶውም ጭነት ተወደደ» አለች። «ጠጪው ግን አልጨምርም አለ። ውሃ ጨመርኩበት፣ ሀሚዱ። ያነደድኩልህ የድሮውን ነው። ባጃጅ ውስጥ ገባ ብዬ ከመሰከርኩ ለምን እንደቆመች አገር ያውቃል። አንተ ጠጣኸው ካልኩ ደግሞ ደብዳቤው ቀረብህ።»

ሀሚዱ ሊቆጣ ነበር። ቁጣው ግን ከየት ይምጣ፣ ደክሞታል።

«ተይው፣ እታለም። አብሽሪ» ብሎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሹፌሮቹ ማኅበሩ ቢሮ ደጅ ተሰብስበው ሳለ እናትነሽ ጄሪካኗን አንጠልጥላ መጣች። ማንም ሳይጠይቃት ቆርኪ ሞላችና ለሐጂ ክብሪት ሰጠቻቸው። ሐጂ ጫሩ። ጭስስ ብሎ ጠፋ። ደግመው ጫሩ።

«ይኸው ነው» አለች። «ይህን ጠጥቶ የሚሰክር ሰው የለም። ታንከር ውስጥ ነው የገባው።»

ሹፌሮቹ መሬት መሬት አዩ፤ ከመሀላቸው የማታ ደንበኞቿ ነበሩበት። ሐጂ አብዱልጀባር ደብዳቤውን አውጥተው ማኅተሙን ተጫኑበት። እናትነሽ ጄሪካኗን ይዛ ሄደች።

ሀሚዱ ምትክ ሊብሬ አውጥቶ ተመዘገበ፣ ሁለት ቀን ተሰልፎ በድጎማ ቀዳ። የእናትነሽ ጠጪዎች በሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። ወሬኛው ሁሉ ሳቀባት፤ እሷ ግን በሩን አልዘጋችም፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

የሀሚዱ ቤት ከመናኸሪያው በእሷ ደጅ በኩል ቅርብ ነው። ሀሚዱ ግን አሁን በዚያ አይነዳም። በገበያው በኩል ዙሪያውን ይሄዳል፣ በየቀኑ፣ በድጎማው ቤንዚን። ሀፊዛ ነዳጁ ቶሎ ቶሎ ለምን እንደሚያልቅ ትጠይቀዋለች።

«ሞተሯ አርጅታ ነው» ይላል።