ሽማግሌ ሆኜ የፖም ለቀማ

ከካልጋሪ የተነሳሁ ለት ጠዋት ባለቤቴ ጽጌ ሻንጣዬን እየዘጋች፣ «በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን ነው። ራሱን ሽማግሌ አድርጎ የላከ የሴት አባት አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ልጃችን ማህሌት ሰሜን ጃፓን እንግሊዝኛ ስታስተምር ኬንጂ የሚባል የፖም ገበሬ ልጅ ወዳለች፤ አባቱ ደግሞ መከር ጥለው አይመጡም። ስለዚህ ከባስ ሾፌርነቴ ኦፍ ጠይቄ እኔው ሄድኩ። ሁለቱንም ካልጋሪ አምጥቼ እኛው ሰፈር፣ ሳቫና፣ ቤት እንዲከራዩ አደርጋለሁ ብዬ ለጽጌ ቃል ገብቼላታለሁ።

ጃፓን ኤርፖርት ላይ የኢሚግሬሽኑ ልጅ፣ «ለጉብኝት ነው ለቢዝነስ የመጡት?» አለኝ።

«ልጄን ልድር ነው። ገና አልተስማማንም።»

አሰብ አደረገና የቱሪስት ማህተም መታልኝ።

እርሻው ደርሼ የክብር ወንበር ስጠብቅ የኬንጂ አባት ጓንትና ቅርጫት ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ፖም ጎተት ሳደርገው ጥርሳቸው የተነቀለ ይመስል ፊታቸው ተጨማደደ። እጄን ይዘው አሳዩኝ፤ ቀና አድርጎ መጠምዘዝ ነው፣ ከነጭራው እንዲወጣ። እኔ ያደግኩበት ግቢ ኮክ የሚወርደው በድንጋይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከማህሌትና ከኬንጂ ጋር ሳጥን ገልብጠን ተቀምጠን ምሳ ስንበላ ሰውየው በሚያስተረጉም ስልካቸው ላይ ብዙ ተናገሩ። ስልኩ በአማርኛ፣ «ሴት ልጅህ ጠንካራ ፖም ናት። ልጄን ትበላዋለች» አለ።

ማህሌት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ጎበዝ ናት፣ ልጄን ታኖረዋለች ነው ያሉት» አለችኝ።

ሰውየው እንደገና ስልካቸውን አነሱ። «ካልጋሪ ፖም ይበቅላል?»

ልጆቹ አቀረቀሩ። ሰውየው ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ዛፎቹን ደግሞ አባታቸው ናቸው የተከሉት። እኔም የአባቴን ማሳ ጥዬ ስወጣ አባቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም ነበር።

«ይበቅላል፣ ግን ጎምዛዛ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወደ ማህሌት ዞሬ፣ «እዚሁ ሁኑ» አልኳት። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

አባትየው ተነስተው ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልኩ። እሳቸው የባሰ ዝቅ ሲሉ፣ እኔም አላንስም ስል፣ ግንባራችን ተጋጨ።

ማታውን ጽጌ ደወለች።

«ልጆቹ መቼ ይመጣሉ?»

«መከሩ ይለቅ» አልኳት።

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

በየዓመቱ መከር አለ ማለት አቃተኝ። «መስመሩ አይሰማም» አልኳት፤ ስልኩን ግን አልዘጋሁም፤ እሷም አልዘጋችም።