በጓዳችን የነበረ ባሕር

ባለፈው ሳምንት ትሁን የምትባል ጎረቤቴ ጫጩት ማሳደጊያ ፈልጋ መጣችና፣ «እትዬ፣ ያ የመስታወት ሳጥን እንዲያው ቦታ ከሚይዝብዎት» አለችኝ። ከጓዳ ጎትቼ አቧራውን ስወለውል ማዕዘኑ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር ጣቴን ቧጠጠኝ። ወደ ምላሴ አስጠጋሁት። ጨው ነው። ባሌ ደሳለኝ ከሞተ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል፤ ባሕሩ ግን አሁንም ጨው ጨው ይላል። ትሁንን «ነገ ነይ» ብዬ መለስኳት።

ደሳለኝ መርከበኛ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ባሕር ኃይሉ ፈረሰና ባዶ እጁን ወደ ፍኖተ ሰላም ተመልሶ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሠራተኛ ሆነ። ስንጋባ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። ሠርጋችን ካለፈ በኋላ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ የጥንት ባልደረባው የባሕር ውሃ በጀሪካኖች፣ ባሕር ውስጥ የኖሩ ድንጋዮች፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት አንዲት ዓሣ ይዞለት መጣ። ደሳለኝ ከሩቅ አገር የመጣች ዘመዱን እንደሚቀበል ነበር የተቀበላት።

አብራን የምትኖረው እናቱ እማማ አበዙ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና አየችው።

«ሰው በጓዳው እህል ያኖራል እንጂ ባሕር ያኖራል?»

እኔም ያቺን ዓሣ አልጠላኋትም፤ የፈራሁት ድምፁን ነው። አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር ቀን ከሌት ይንቦቀቦቃል። ከደጅ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ሲበርድ፣ ከውሃ በታች ያለ ሰው የሚናገር እየመሰለኝ ጆሮዬን አቀና ነበር።

ከጀሪካኖቹ አንዱ ተከፍቶ አያውቅም። ካልጋችን ሥር ይቀመጣል። «ለምንድን ነው?» ስለው ወሬ ይለውጣል። አንድ የዝናብ ቀን ነው የነገረኝ። ጌታነህ የሚባል የቡሬ ልጅ ጓደኛው ነበር። በደርግ ጊዜ ጦርነት ማብቂያ ላይ ጀልባቸው ከአሰብ ወደብ ፊት ለፊት ስትሰጥም፣ የደሳለኝ ዓይን እያየ ጌታነህ ወደ ታች ወረደ። ሬሳው አልተገኘም። ያ ጀሪካን ከዚያው ዳርቻ የተቀዳ ነው።

«እናቱስ?»

«ትጠብቃለች። የመን ነው፣ ሱዳን ነው ይሏታል። በመጣ ሰው ሁሉ ሰምተህ እንደሁ ብላ ትልክብኛለች፤ አልሰማሁም እላለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሞተሩን ድምፅ በጌታነህ ስም አወቅሁት።

ከዚያ ሌላ ጦርነት መጣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ደሳለኝ ውሃውን በብልቃጥ ቀድቶ መመርመሪያ ጠብታ ጨመረበት፤ የቡሬ በርበሬ መሰለ።

«ናይትሬት ነው» አለኝ። «ዓሣዋ የምትበላውም የምትጥለውም እዚያው ይቀራል። ባሕር ቢሆን ይወስደው ነበር። እስከ ዛሬ ውሃ በመቀየር ነው የኖርነው፤ አሁን የምንቀይረው የለም።»

«የዚያ ጀሪካንስ?»

ብልቃጡን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

ያገኘው መላ ሌላ ነበር። ከትልቁ ሳጥን አጠገብ ትንሽ ሳጥን ሠራ፤ ውሃው በቱቦ ወደ ትንሹ ገብቶ፣ እዚያ የሚበቅለው ነገር ቆሻሻውን በልቶለት ጠርቶ እንዲመለስ። ዓሣዋ ወደዚያ አትገባም። ጥያቄው ምን ይግባበት ነው። እማማ አበዙ ከላህ ወንዝ ቄጠማ እንድናጭድ መከረች።

«ጨው ቄጠማ ይገድላል፣ እናቴ።»

«እኛ ስንት ዘመን ጨው ስንበላ ገደለን?»

ያን ቀን ደሳለኝ ከልቡ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ከትንሹ ሳጥን ታች አሸዋና የተፈረካከሰ የባሕር ድንጋይ ደለደለበት። ከድንጋዮቹ ጋር የመጣ ሁለት ዓይነት የባሕር ሣር ነበር። አንዱ ድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የመሰለ ትብትብ፤ መልክ የለው፣ እድገቱም ዝግ ያለ። ሌላው የዶሮ ላባ የሚመስል፣ ሲወዛወዝ ዓይን የሚይዝ። እኔ ሽቦውን አልሁ፤ የቤት ሰው ነኝ፣ የማያምረው ነገር እንደሚበረታ አውቃለሁ። እሱ ላባውን መረጠ።

«አሰብ፣ ወደቡ እግር ላይ የሚበቅለው ይሄ ነው» አለኝ።

ሽቦውን በማሰሮ የባሕር ውሃ ውስጥ መስኮት ላይ አስቀመጥሁት። ላባው በክረምቱ በረታ። ማታ ማታ ከበላዩ አምፖል ስናበራለት ጓዳው አረንጓዴ ይሆናል። የብልቃጡ ቀለም ከበርበሬ ወደ ሮዝ ወረደ። ግን ይህ ሣር ሕግ አለው፤ ሲሞላ ግማሹን አጭዶ መጣል ያስፈልጋል። ቆሻሻው ከቤት የሚወጣው ከሣሩ ጋር ነው። ይህንን ያስተማረኝ ደሳለኝ ራሱ ነው። መቀሱን ይዞ ይቆምና መልሶ ያስቀምጠዋል።

«መንገዱ ተዘግቷል። ይሄን ጥዬ ከየት አመጣለሁ?»

ሳጥኑ እስከ አፉ ሞላ። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ገብቼ ሳይ ውሃው ወተት ሆኗል። ላባው ሁሉ ነጥቶ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ እንደ ብርጭቆ ያሳያል። ክረምቱን ሙሉ የበላውን መልሶ ተፍቶታል። ዓሣዋ በጎኗ ተኝታ አፏን ትከፍታለች።

ደሳለኝ መሬት ላይ ተቀመጠ። እማማ አበዙ በሩ ላይ ቆመች፤ ያን ቀን አልቀለደችም። ከዚያ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ። ጀሪካኑ ወለሉን እየፋቀ ሲመጣ ሰማሁ። ክዳኑ በጨው ደርቆ ተጣብቆ ነበር፤ በጥርሱ ሁሉ ሞከረው። ሲከፈት የማላውቀው ሽታ ቤቱን ሞላው። ንጹሕ ገንዳ ውስጥ ገለበጠው፤ ዓሣዋንም በመዳፉ አንሥቶ አስገባት። ሦስታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን። ቀኑ አጋማሽ ላይ ቀና አለች።

ደሳለኝ ባዶውን ጀሪካን እያየ፣ «ነገ ቡሬ እሄዳለሁ» አለ።

«ብቻህን መርዶ አይነገርም» አለችው እናቱ። «ሽማግሌ ይዘህ፤ እኛም እንመጣለን። ሰው እህል ሳይቀምስ በማለዳ ነው።»

ቡሬ የደረስነው ጎህ ሲቀድ ነው። በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ጤዛ ጠጥቶ ጠቁሯል። የጌታነህ እናት ደጇን ስትጠርግ አገኘናት። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ በየተራ አየችን፤ መጨረሻ እሱ ላይ ደረሰች። መጥረጊያውን ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ደሳለኝ፣ ምነው ይሄን ያህል አስቆየኸኝ?» አለችው።

ለቅሶዋ ከዚያ በኋላ ነው የመጣ።

ተዝካሩን አብረን አወጣን። ማሰሮው ውስጥ የተረፈውን ሽቦ ትንሹ ሳጥን ውስጥ ከተትነው። ደሳለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሹን እያጨደ አጥር ሥር ይጥለው ነበር። ዓሣዋ ብዙ ክረምት አየች። እኔ ግን የሞተሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው አልለመድሁትም።

ትሁን በማግሥቱ መጣች። ጨዉን በሙቅ ውሃ አጥቤ ሳጥኑን ሰጠኋት። የደሳለኝ ካፖርት አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ እሱን ገና አልደረስሁበትም።

ትናንት ሲመሽ በደጇ ሳልፍ ለጫጩቶቹ ሙቀት አምፖል አብርታላቸው አየሁ። መስታወቱ ጓዳዋን ከጥግ እስከ ጥግ አብርቶታል። ለሰላምታ የመጣሁ መስዬ ቆምሁ። ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ፤ ከነሱ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

«ይግቡ እንጂ፣ እትዬ፤ ምነው ቆሙ?» አለችኝ ትሁን።

ገባሁ።