ካዕብ ያለው ምሰሶ

መካነ ሰላም የተከራየሁበት ቤት ልጅ ከዱባይ ስትመለስ፣ ኔፓላዊት ባልደረባዋ የሰጠቻትን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ለዘመናት ተረስቶ እንደገና የተገኘ፣ ጽሑፍ የተቀረጸበት የቡድሃ አማኞች ምሰሶ ነው።

እናቷ “የድግምት ጽሑፍ ነው፤ ይቃጠል!” ብለው አወረዱትና መሪጌታ አስጠሩ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

መሪጌታው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ አዩት።

“አብሽሪ ልጄ፣ ድግምት አይደለም። ይቺ ፊደል እንደ ‘ሰ’ ግዕዝ ናት፤ እዚህ ጋ ደግሞ እግሯ ስር ጭረት ተጨምሮላት እንደ ‘ሱ’ ካዕብ ሆናለች። ሥርዓት ያለው ጽሕፈት ነው።”

አላመንኳቸውም። በስልኬ ሳጣራ ግን ምሰሶው የተጻፈበት ጥንታዊው የህንድ ፊደል “ኡ” የሚለውን ድምፅ በእርግጥም ከግርጌ በምትጨመር ጭረት ያመለክታል። ልክ መሆናቸውን ስናገር እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ታዲያ ምነው አጣመሽ ሰቀልሽው?”