ቢላው ያልመጣበት ሠርግ

የሰፈራችን ግሩፕ የተከፈተው ለውሃ ነበር። ሐረር፣ ፈላና በር አካባቢ ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ ቀድሞ ያየ ሰው ቴሌግራም ላይ "መጣች!" ብሎ ይጽፋል፣ ሁላችንም ጀሪካን ይዘን እንሯሯጣለን። ሥራው ይኸው ነበር። ሰው ስልክ ከያዘ ዝም አይልምና ውሎ አድሮ ውሃው ተረስቶ ስድቡ ቀረ።

ስድብ ስል ደግሞ የድሮው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ድሮ "አንተ ደደብ" ተባብለን የምናልፈው ሁሉ አሁን ትልልቅ ስም ወጣለት። ሮቶው ሞልቶ የፈሰሰበት ሰው "ጁንታ" ተባለ። ባጃጁን በራችን ላይ ያቆመውን ምስኪን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ "ዘር አጥፊ" አለው። ዘር አጥፊ! በባጃጅ! "ኧረ ተው፣ ይሄ ቃል እኮ ስንት ሰው የተቀበረበት ነው" ስለው፣ "አንቺ ደግሞ! ቃል እኮ ነው" ብሎ አሾፈብኝ።

ቃል እኮ ነው! አያታችን ይህን ቢሰሙ ጉድ ነበር። እሳቸው "ባንዳ" የሚሉት አንድን ሰው ብቻ ነበር፤ ያንንም በሩ መዘጋቱን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሰውየው ለጣልያን ማንን እንደጠቆመ፣ የተጠቆመውም የት እንደተሰቀለ ያውቃሉ። የልጅ ልጆቹ አብረውን ይማሩ ስለነበር ቃሏ ከቤት እንዳትወጣ ይጠነቀቁ ነበር። በእኛ ግሩፕ ግን ባንዳ ማለት የሌላ ኳስ ቡድን ደጋፊ ማለት ነው።

ከእኛ ግንብ ቀጥሎ ያለው ቤት የሐጂ ነው፤ ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ ሱቅ አላቸው። እኛ ክርስቲያኖች ስንደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው በግ ይታረዳል፣ ለብቻው ድስት ይጣዳል፤ አራጁም ሐጂ ናቸው። የራሳቸውን ቢላ በጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ፣ "ቢስሚላህ" ብለው ያርዳሉ፣ አጥበው ይዘው ይሄዳሉ። ለእኔ ሠርግ አርደዋል፣ ለእናቴ ተዝካርም አርደዋል። ሙስሊም ካላረደው ጎረቤቶቻችን አይበሉም፤ ጎረቤት ያልበላበት ድግስ ደግሞ ምኑ ድግስ ነው?

የመጨረሻዋ እህታችን ሠርግ ሲቃረብ ሐጂ ግሩፑ ላይ፣ "ድንኳኑ መንገዱን ባይዘጋ ጥሩ ነው፤ የታመመ ሰው ቢኖር መኪና እንዲያልፍ" ብለው ጻፉ። ሌላ አንድም ነገር አላሉም። ድንኳኑን የሚያስተክለው ወንድሜ ነበርና ነደደው። "ይሄ ጽንፈኛ ሠርጋችንን ሊያስቆም ነው" ብሎ መለሰ። የሳቅ ኢሞጂ ተደረደረ። ሐጂ ራሳቸው "አላህ ይምራህ" ብለው ተዉት። እዚያው ያለቀ መሰለኝ።

የት ሊያልቅ! ከግሩፑ አንዱ ስክሪንሹት አድርጎ ሌላ ቦታ ለቀቀው፣ ከዚያ ሌላው ተቀበለው። ጀጎልን ረግጠው በማያውቁ ሰዎች ገጽ ላይ፣ የሐጂ ፎቶ ከነኮፊያቸው ተለጥፎ፣ "ሐረር ላይ ጽንፈኞች የክርስቲያን ሠርግ ከለከሉ" ተብሎ ተጽፎበት አየሁት። ከሥሩ አንዱ "ቤቱ የት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው መልሶለታል። እኛ ሰፈር ውስጥ እንደ ቀልድ ያደረግነው ቃል እዚያ ቀልድ አልነበረም።

"ሐጂን የሚያውቅ ሰው አያምነውም" አለ ወንድሜ።

"የማያውቃቸውስ?" አልኩት። በማግስቱ ፈረስ መጋላ ላይ የማይታወቁ ወጣቶች የሐጂን ሱቅ ሲያጠያይቁ እንደነበር አንድ ባለሱቅ ነገረኝ።

በሠርጉ ዋዜማ ሐጂ ሳይመጡ ረፈደ። ወንድሜን አስከትዬ ሄድኩ። ቢላው በጨርቁ እንደተጠቀለለ ጭናቸው ላይ ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ ሐጂ፣ የጻፍኩትን ደምስሼዋለሁ" አለ ወንድሜ፣ እግራቸው ላይ ሊወድቅ እየቃጣው።

ትከሻውን ይዘው አነሱት። "የደመሰስከው ከአንተ ስልክ ላይ ነው፣ ልጄ። እኔ አልተቀየምኩህም፣ ወላሂ።"

"እንግዲያው ይምጡልና!" አልኳቸው።

"እንዴት ብዬ? ትናንት አንድ ሰው እዚህ በር ላይ ቆሞ በስልኩ ሲያነሳኝ ነበር። ዛሬ ቢላ ይዤ ክርስቲያን ቤት ስገባ ቢያነሳኝስ? እስቲ አስቢው። ፎቶው ላይ እኮ በጉ አይታይም።"

ወንድሜ አለቀሰ። እኔ ግን አላሳዘነኝም፤ ላንቀው ምንም አልቀረኝ። ሌላ አራጅ ስለምን ዋልኩ፤ ሁሉም የተለጠፈውን የሐጂን ፎቶ አይተውታል፣ "ይለፈኝ" አሉኝ።

ሠርጉ ሆነ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን መጥተው መረቁ፣ ለስላሳ ጠጡ፣ ምግብ ሲቀርብ ግን ተነስተው ሄዱ። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ከሠርጉ በኋላ ዳቦ ይዤ ወደ ሐጂ ሄድኩ። ያ በር ቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም፤ ገፋ ሳደርገው አልከፈት አለኝ። አንኳኳሁ። ከውስጥ ኮቴ መጥቶ ቆመ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ።"

ድምፄን ለይተውታል፤ እጃቸው ላይ ነው ያደግሁት። መቀርቀሪያውን ግን አልነኩትም።

"ብቻሽን ነሽ?" አሉኝ።