ጠላቂውን የጫንኩበት ጠዋት

እህል በአህያ ጭኜ ይጁቤ ገበያ እየወሰድኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ማሰር የሚባለውን ነገር ጠንቅቄ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በሰፈራችን ያለው የመስኖ ግድብ የውሃ መልቀቂያው በደለል ተደፍኖ ጠላቂዎች ሊያጸዱት ከአዲስ አበባ መጡ። እኔ አሸዋ በማዳበሪያ ከሚሸከሙት ሴቶች ጋር በቀን ሥራ ገባሁ። አንድ ጠዋት ጠላቂውን የሚያለብሰው ሰው አሞት ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄደ። አለቃው ዙሪያውን ቃኘና «አንቺ ዝምተኛዋ፣ ነይ» አለኝ። ዝምታዬ ጭምትነት መስሎት ነው። እኔ ዝም የምለው ሰው ሲያየኝ ምላሴ ስለሚተሳሰር ነው።

«ዛሬ በደንብ ካለበስሻቸው ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ወደ አሸዋሽ።»

አሸዋው ወገቤን ጨርሶታል። ውሃ ዳር ተቀምጦ ቱቦ መያዝ ደግሞ ማንም የማያናግረኝ ሥራ መሰለኝ። በጣም ፈለግኩት።

ጠላቂው የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚያጠልቁት ጭንብል ከግንባር እስከ አገጭ ፊትን በሙሉ ይሸፍናል፤ ፊት ለፊቱ መስታወት ነው። ውስጡ ማይክሮፎን ስላለው የሚናገሩት ዳር ላይ ካለው የድምፅ ሳጥን ይሰማል። አየር ከሞተር በረጅም ቱቦ ይመጣል፤ ጀርባቸው ላይ ደግሞ መጠባበቂያ ሲሊንደር አለ። ሁለቱ ቀኝ ደረታቸው ላይ ይገናኙና ከዚያ አንድ አጭር ቱቦ ወደ ጭንብሉ ይወጣል።

ረጅሙን ቱቦ፣ ክብደቱ ጭንብሉን እንዳይጎትት፣ እንደታዘዝኩት መታጠቂያቸው ላይ አሰርኩት። አጭሩ ሲወዛወዝ ግን አላስቻለኝም። ከትከሻቸው ጋር ጥርቅም አድርጌ ጠፈርኩት። ጉልበቴንም ጎናቸው ላይ ሳላስደግፍ አልቀረሁም።

«ልጄ» አለ ሳጥኑ በጋሼ ድምፅ፣ «ወደ ግራ መዞር አልቻልኩም። ቀና ስልም ጭንብሉ ከአገጬ ይለቃል። ውሃ ልታጠጪኝ ነው?»

ሴቶቹ ማዳበሪያቸውን አስቀመጡ።

«ጋሼን ጫነቻቸው! ገበያ ልትወስዳቸው ነው!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ እንዳይራገጡብሽ!»

አንገቴን ቀብሬ ፈታሁት። በእልህ ጨርሼ ለቀቅኩትና አሁን ደግሞ ቱቦው እንደ ጆንያ ጆሮ ወጥቶ ክርናቸው ላይ ተጠመጠመ። አለቃው ወደ አሸዋው ክምር ተመለከተ።

ጋሼ ጭንብሉን አወለቁ። «በአፍ ቢነግሩሽ አይገባሽም። አንቺ ልበሺውና እዪው።»

መታጠቂያውን አስታጥቀው ጭንብሉን አጠለቁልኝ። መስታወቱ ፊቴ ላይ ሲገጥም ከሰው ሁሉ የተደበቅኩ መሰለኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ስይዝ እንኳ እንዲህ ተደብቄ አላውቅም። ወደ ግራ ዞርኩ፤ ቱቦው ጎተተኝ። ቀና አልኩ፤ ጎተተኝ። በብብቴ ሥር አዙሬ ትንሽ ጎበጥ አድርጌ ስተወው ጭንቅላቴን ተከትሎ ይሄድ ጀመር።

«እንዲህ ነዋ!» አልኩ ለራሴ። ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ ተፈታ። «እነዚያ አሽሟጣጮች ይሳቁ! አለቃውስ ቢሆን፣ ሆዱን ገትሮ ከሚቆም ቢያሳየኝ ምናለበት? ካባረረኝ ግን ምን ይውጠኛል፤ ይሄን ሥራ እንዴት እንደወደድኩት!»

ዞር ስል ሴቶቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። አለቃው ሆዱን ቁልቁል እያየ ነው። ሳጥኑ የጋሼን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ መስሎኝ ነበር። ጭንብሉን ላውልቀው ብል ፊቴን ሊያዩት ነው፤ አላውልቀው ብል ትንፋሼ እንኳ ለሰፈሩ ይሰማል። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው አወለቁልኝ።

በላብ ተጠምቄ አለበስኳቸው። ወደ ግራ ዞሩ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ቀና አሉ። «አሁን አንገት አለኝ» ብለው ውሃው ውስጥ ገቡ።

አለቃው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ነገም ቱቦው ላይ ነሽ» አለ። ሆዱን በእጁ ሸፈን አድርጎ፣ «ሆዴን ግን ተይልኝ።»

«ልጄ፣ ትንሽ ቱቦ ልቀቂልኝ» አለ ሳጥኑ። ለእሳቸው የምመልስበት ማይክሮፎን እጄ ላይ ነው፤ ሴቶቹ ምን እንደምል ለመስማት ጸጥ አሉ። ቱቦውን በጥንቃቄ ለቀቅኩ። መልስ ለመስጠት ግን ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ፤ ለዚያ ሁሉ ድፍርስ ውሃ።