ለዳነ ሰው የተቀቀለ ንፍሮ

ነቀርሳ አይደለም!

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው የሰማነው። ከአባዬ ትልቁ አንጀት ተቆርጣ ለምርመራ አዲስ አበባ ድረስ የሄደችው እብጠት ውጤቷ መጣ። «ነቀርሳ አይደለችም፤ ብንተዋት ግን ውላ አድራ ልትሆን ትችል ነበር» አለ ሐኪሙ። እናቴ እልል አለች። እኔ ሐኪሙን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

እሱ ግን ገና አልጨረሰም። «በየሳምንቱ ጥሬ ሥጋና ጮማ መቁረጥ ይቅር። ሥጋ አልፎ አልፎ፣ በትንሹ። መጠጥም እንደዚያው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ያልተፈተገ ገብስ፣ ጎመን አብዛ፤ ገለባቸው አንጀት ይጠርጋል። ፈጽሞ አይመጣብህም ብዬ አልምልልህም፣ አደጋውን ግን ትቀንሳለህ።»

አባዬ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት የማይጠፋ ሰው ነው። ፊቱን ላየው፣ ነቀርሳ ነው የተባለው ያን ጊዜ ይመስል ነበር።

ረቡዕ ንጋት፣ ጎንደር

ዳባት አጠገብ የሚኖረው የአባዬ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ የምሥራቹን ከእኛው አፍ መስማት አለበት። እናቴ የቀበሌ ስብሰባ ስላለባት እኔን ዘበኛ አድርጋ ላከችኝ። «ወንድሙ ቤት ከጸና የትም ይጸናል፤ እዚያ ከተሸነፈ ግን አለቀልን» አለችኝ ጆሮዬ ላይ።

ቦርሳችን ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቆሎ ነው። ኬላው ላይ ፈታሹ ወታደር ጎመኑን አገላብጦ አየው።

«ጓድ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ጎመን? ለማን ነው?»

«ለአንጀቴ» አለ አባዬ፤ ከዚያም ታሪኩን ከእብጠቷ ጀምሮ፣ ደም እያየ ለእናቴ የደበቀበትን ወራት ጨምሮ ዘረገፈለት። ወታደሩ እጁን አነሣ።

«ኧረ በቃ! የእኔንም አንጀት በሉት። ይለፉ!»

አምባ ጊዮርጊስ፣ ቁርስ

ጭጋጉ ገና አልተነሣም። የኮረኮንቹ አቧራ ቅንድባችን ላይ ተጋግሯል። ምግብ ቤቱ ሲከፈት የዱለት ሽታ ወጥቶ አባዬን እጁን ይዞ አስገባው። ቀድሜ «ሽሮ አለ?» አልኩ።

አስተናጋጇ ደነገጠች። «ፋሲካ ካለፈ ሃምሳው ቀን መች ሞላ? ረቡዕም ይበላል እኮ! ምነው፣ አባባ ንስሐ ገብተው ነው?»

«ሐኪም ነው ያስገባኝ» አለ አባዬ።

ሽሮ አልተሠራም፤ በስሙኒ ዳቦ ገዝተን አውቶቡሱ ውስጥ በካሮት በላን። ሹፌሩ በመስተዋቱ ሲያየን ቆይቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህች ማኪና ጥንቸል ስትጭን ዛሬ ገና ነው» አለ። አውቶቡሱ እስከ ገደብዬ ሳቀ።

እኩለ ቀን፣ ዳባት አጠገብ

አያ ተገኘ ምሥራቹን ሲሰማ መሬት ሳመ። ከዚያ ጓሮ ሄዶ አንድ ሙክት እየጎተተ መጣ።

«ተስዬ ነበር! ጌታሁን ከዳነልኝ ይህን አርጄ በእጄ አጎርሰዋለሁ ብዬ!»

«አያ፣ ሐኪሙ በትንሹ ነው ያለኝ።»

«በትንሹ ነው እንጂ፤ አንዲት ብቻ!»

በጉ ታርዶ አንዲቷ ስትመጣ ሙሉ ታፋ ናት። «አንድ አይደለችም? እስቲ አንቺ ተማሪዋ ቁጠሪ!» አለኝ። የአባዬ ጉሮሮ ወጣ፣ ወረደ። ስእለት ነው፤ እንቢ ቢል ወንድሙን ያስቀይማል። እሺ ካለ ደግሞ የእናቴ ቃል አለብኝ። ጨነቀኝና፣ «ንፍሮ ይቀቀልልህ አባዬ?» አልኩ።

የአያ ተገኘ ሚስት እትዬ ማንጠግቦሽ ጭልፋዋን ጣለች። «በወግ የተቀቀለ ንፍሮ የልቅሶ ነው! ለዳነ ሰው? ምነው ልጄ፣ ሞት በደጅ ሲያልፍ ጠርተን እናስገባው?»

«ቀቅይው» አለ አባዬ፤ ዓይኑ ግን ታፋው ላይ ነበር።

ምድጃውን የበጉ ወጥ ስለያዘው ባቄላውና ስንዴው ደጅ፣ በትልቁ ድስት ተጣደ። ስህተታችን እዚያ ላይ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ በላይነሽ በአጥሩ አሻግራ አየች፤ ከጎንደር እንግዳ መጥቷል፣ ንፍሮ ተጥዷል፣ ጌታሁን ደግሞ ታሞ ከርሟል። ሌላ ምን ይጠየቃል? ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጎረቤቱን አስከትላ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«ዋይ! ጌታሁንዬ! ያ ሸጋ ሰው! ማን እንደ አንተ ይስቅልናል!»

መደብ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ የሚያላምጠው አባዬ ብድግ አለና ሙሉ አፉን፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግቡ» አላት።

የዚያን ጊዜ ነው እውነተኛው ጩኸት የተሰማው። አጥሩ ድረስ ሮጣ ተመለሰች፤ ትከሻውን ዳሰሰችው፤ ቆነጠጠችው።

«ታዲያ ንፍሮው ለማን ነው?»

«ለእኔ። እንዳልሞት።»

ለልቅሶ የመጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይሸኝም። ለቀስተኞቹ እንባቸውን ጠርገው በጉን ከበቡት። አያ ተገኘ አንድ ልከኛ ጉርሻ አባዬን አጎርሶ «ስእለቴ ደረሰ!» አለና ለሁለተኛው ዞር ሲል ያገኘው አጥንት ብቻ ነው። ታፋዋም የለችም።

ሐሙስ ጠዋት፣ መመለሻ

እትዬ ማንጠግቦሽ ደብቃ ያቆየችው አንድ ጎድን ነበራት፤ ጠብሳ አባዬ ፊት አቀረበችው። ወንድምየው የለ፣ ስእለት የለ። እኔም ሆን ብዬ አፌን ዘጋሁ። አባዬ ጎድኑን አየው። አሸተተው።

«ለአያ አስቀምጪለት፤ ለእኔ ከንፍሮው የተረፈ ካለ» አለ።

እናቴ ብትሰማ! እኔስ ልጨፍር ነበር።

መንገድ ዳር ማኪና ስንጠብቅ እትዬ በላይነሽ እየሮጠች ደረሰች። «በሕይወት እያለህ ስላለቀስኩህ ካሣ ልክፈል። መስከረም ላይ ባቄላዬ እሸት ሲሆን፣ አተሩም ሲደርስ ኑ። የምታውቁትን ሁሉ ይዛችሁ ኑ።»

ይህን ጉዞ ጽፌ በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ እንደማወጣውና ብዙ ሰው እንደሚያነበው ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ሁሉንም ጥሪልኛ! ንፍሮ ለመብላት ሰው እስኪሞት አንጠብቅም» አለች።

ይኸው ጠራሁ። ዳባት ሳትደርሱ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ውረዱ። በቁማችሁ ኑ ብላለች።