ብረት የማይነካ መካኒክ

ወደ እስር ቤቱ ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ከቀትር በኋላ ነበር። ሰዎቹ ብርዱን ሸሽተው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተዋል፤ ጭንቅላታቸው ወደ ግድግዳው፣ እግራቸው ወደ መሐል። በሁለቱ ረድፍ እግሮች መካከል አንድ ጫማ የምታህል መተላለፊያ ቀርታለች። ሃያ ስድስት ሰው ቆጠርኩ።

ጥጉ ላይ የተቀመጡ ነጭ ቆብ ያደረጉ አዛውንት ፍራሻቸውን ሰብሰብ አድርገው "ና ልጄ፣ እዚህ ግባ" አሉኝ። የጎሮ ገበሬ ናቸው፤ ሁሉም ሀጂ ይላቸዋል።

"ምን አድርገህ መጣህ?"

"ድምፅ ማጉያ ጠግኜ።"

"ሠራ?"

"አዎ።"

"በቃ፣ ጥፋተኛ ነህ" አሉ። ክፍሉ በሙሉ ከብርድ ልብሱ ሥር ሳቀ።

እውነቴን ነበር። ሮቤ ውስጥ ሬዲዮና የውኃ ፓምፕ የምጠግንባት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸውን እየፈታሁ፣ ያልገባኝን እንደገና እየፈታሁ ነው የተማርኩት። አንድ ሰው ያመጣልኝን ድምፅ ማጉያ ሠርቼ ሰጠሁት። በሳምንቱ ሰዎች ተሰብስበው መንግሥት የማይወደውን ነገር ተናገሩበት። መርማሪው "በማጉያው ምን ተባለ?" ሲለኝ "እኔ ስሞክረው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው ያልኩት" አልኩ። ጻፈው። ቀና ብሎም "አራትስ?" አለኝ።

ከእስር ቤቱ ግቢ በስተጀርባ እርሻ ነበር። እርሻው ላይ ደግሞ በቤንዚን የምትሠራ፣ ዕድሜዋ የእኔን እጥፍ የሚሆን ቀይ ትራክተር። ሀጂ በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ስለነበሩ የሚነዷት እሳቸው ናቸው። የፖለቲካ እስረኛ መፍቻም ካቻቢቴም እንዳይዝ ተከልክሏል፤ መሣሪያ ሊሆን ይችላል ይባላል። ሀጂ ያን ሁሉ ብረት መንዳት ተፈቅዶላቸው አንድ ብሎን ማጥበቅ ግን አይችሉም ነበር።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ትራክተሯ አልነሣም አለች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ደህና አድርገው ያቆሟት ሀጂ ናቸው። የበልጉ ዝናብ ጀምሯል፣ ግማሹ መሬት አልታረሰም፤ የእስር ቤቱ ኃላፊ ተናደዱ። "ሆን ብለህ ነው ያበላሸሃት" ብለው ሀጂን ለብቻቸው ጨለማ ክፍል ዘጉባቸው። አሻጥር የሚል አዲስ ክስ ሊጨመርባቸው እንደሆነ ሰማን። አዲስ ክስ ማለት ተጨማሪ ዓመታት ነው። ሀጂ ሰባን አልፈዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና "ሞተር የሚያውቅ?" ተባለ። እጄን አወጣሁ።

"ድምፅ ማጉያው አልበቃህም?" አለኝ ከጎኔ ያለው።

ኃላፊው ትራክተሯ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። "እስከ ቀትር ምክንያቱን አግኝ። ያገኘኸውን ጽፈህ ትፈርማለህ፤ ለፍርድ ቤት የሚላክ ነው" አሉኝ። ከዚያ አንዱን ዘብ ጠርተው "ብረት እንዳይነካ፤ እሱ ይናገር፣ አንተ ፍታ" ብለውት ሄዱ።

ዘቡ የሪራ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ማዕረጉ ሀምሳ አለቃ። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ቶሌ፣ እሺ። በል እዘዘኝ" አለ፤ ከዚያ በገዛ አነጋገሩ ደነገጠ።

"ሀምሳ አለቃ፣ መጀመሪያ ካንዴላውን ይፍቱልኝ።"

ፈታው። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ከሽቦው ጋር አገናኝቶ ሞተሩ ላይ አጋደመው። የማስነሻው ማዞሪያም ብረት ስለሆነ እሱ እያዞረ እኔ ብልጭታ እጠብቃለሁ። ፀሐዩ ግን አላሳይ አለኝ።

"ቆብዎን ለጥላ ይስጡኝ።"

"ዓርማው ብረት ነው" አለ ኮስተር ብሎ። ወዲያው ሳቁ አመለጠው፤ ሰጠኝ።

ብልጭታ የለም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ካንዴላ አስፈታሁት። ምንም። አራት ካንዴላ በአንድ ሌሊት አይሞትም፤ ስለዚህ ጉድለቱ ከእነሱ በፊት፣ ብልጭታው ከሚመነጭበት ነው። ይቺ ትራክተር ባትሪ የላትም። በጎኗ ማግኔት የምንለው፣ ሲዞር ራሱ መብራት የሚሠራ ትንሽ ማሽን አለ። በክዳኑ ሥር ሁለት ምስር የሚያካክሉ የብረት ነጥቦች እየተነካኩ ይላቀቃሉ። ሳይነካኩ ብልጭታ የለም።

"ያንን ክዳን ክፈት።" መቼ እንደሆነ ሳላውቀው እርስዎ ማለት ትቼ ነበር።

"ያ ምን ያደርጋል? እሱን ባንነካው ይሻላል።"

"ክፈተው።"

ከቅድሙ በጣም ቀስ ብሎ ከፈተው። ወረቀት ብረት ስላልሆነ ከኪሴ ቁራጭ አውጥቼ በሁለቱ ነጥቦች መካከል አስገብቼ ሳብኩት። ወደ ብርሃን አነሣሁት፤ መሐሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫ ነጠብጣብ አለ። የሞተር ዘይት ጥቁር ነው። አሸተትኩት።

ቅቤ ነው።

ከታሰርኩ አራት ወር አልፎኝ ነበር። አልዋሽም፣ ወረቀቱን ልልሰው ምንም አልቀረኝም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ነጥቦቹ ዙሪያውን በብርዱ የረጋ ቅቤ ተለድፎባቸዋል። ቀና ስል ሀምሳ አለቃው ጫማውን ያያል።

"እኔ ነኝ" አለ በቀስታ። "እናቴ በልጉ ሲገባ ለእርሻ የሚወጣውን በሬ ግንባሩን ቅቤ ትቀባዋለች። እዚህ በሬ የለም። እሷን ቀባኋት።"

"ግንባሯን?"

"ግንባሯን ቀባሁ። ትንሽ ተረፈኝ። ሆዷም አይቅርባት ብዬ…"

"ለምን አልተናገርክም? ሽማግሌው ጨለማ ውስጥ ናቸው እኮ!"

"ወላሂ፣ በቅቤ ትቆማለች ብዬ አላሰብኩም። አሁን ካወቁ ያባርሩኛል። አንተ ትነግራቸዋለህ?"

"ያየሁትን እጽፋለሁ" አልኩት። "ማን እንደቀባ አላየሁም። እሱን የምታውቀው አንተ ነህ።"

ሀምሳ አለቃው ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ ነጥቦቹን ጠረገ፤ በንጹሕ ወረቀት ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ክዳኑን ዘጋና አዞረ። እኔ የካንዴላውን ሽቦ ይዣለሁ፤ ጎማው የተላጠበት ቦታ ላይ ጣቴ እንዳለ ልብ አላልኩም። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አናወጠው።

"ነከሰችኝ!" ብዬ ጮህኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ጮኼ አላውቅም።

ከማማው ላይ ያለው ዘብ "ማነው የነከሰው?" አለ።

"ትራክተሯ!" አለው ሀምሳ አለቃው እየዘለለ። "አለች! አለች!"

ካንዴላዎቹ ገቡ። በሁለተኛው ዙር ትራክተሯ አስነጠሰች፣ ጭስ ተፋች፣ ተነሣች። ከክፍሎቹ ውስጥ ጭብጨባ ሰማሁ። ኃላፊው ድምፁን ሰምተው መጡ፤ ፊታቸው ፈክቷል። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ።

አምስት መስመር ጻፍኩ፦ የትኛው ክዳን እንደተከፈተ፣ በነጥቦቹ መካከል ቅቤ እንደተገኘ፣ በምን እንደተጠረገ፣ የተቆረጠም የተሰበረም ነገር እንደሌለ፣ ሞተሩ በስንተኛው ዙር እንደተነሣ።

አነበቡት። "ጥሩ ነው። እዚህ ላይ 'ሆን ተብሎ የተቀባ' ብለህ ጨምር።"

"አልችልም፣ ኮማንደር።"

"ለምን? ጨምርና ከነገ ጀምሮ እዚህ ውጭ ትሠራለህ።"

ውጭው ደስ ይል ነበር። ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። "ሐሳብ አላየሁም፣ ኮማንደር። ያየሁት ቅቤ ነው።"

"ሽማግሌው ካልሆነ ታዲያ ማን ነው?"

"እሱን አላየሁም። ግን እዚህ ግቢ ቅቤ ያገኘ እስረኛ ይበላዋል እንጂ ለትራክተር አይቀባም።"

ወረቀቱን እንደገና ማንበብ ጀመሩ። ያኔ ሀምሳ አለቃው ቆቡን ከእጄ ወስዶ ራሱ ላይ አደረገ፣ አስተካከለው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እንዲቀናን ብዬ ነው።"

ኃላፊው አዩት። ትራክተሯን አዩ፤ በመብራቶቿ መሐል፣ ግንባሯ በሚሆንበት ቦታ፣ ቀለሙ በቅባት ያብረቀርቃል። ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ለአንድ ወር ማማው ላይ እንዲጠብቅ ፈረዱበት። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ምንም አልጨመሩበትም።

ሀጂን ከቀትር በኋላ መለሷቸው። ብርሃኑ ዓይናቸውን ስለወጋቸው በእጃቸው ከልለው በእግሮቹ መካከል እየተራመዱ መጡ። ታሪኩን በሙሉ ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

"አልሐምዱሊላህ፤ ልጁ ደግ ነው" አሉ። ትንሽ አሰቡና "ትራክተርን ግን የሚቀቡት ጎማውን ነው፤ የሚያርሰው እሱ አይደል?" አሉ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ዋለ።

አዲሱ ክስ አልመጣም። ሀጂ ከእኔ ቀድመው ወጡ፤ እኔም ከጥቂት ወራት በኋላ ክስ ሳይነበብልኝ ተለቀቅሁ።

አሁን ኮምባይነርና ትራክተር እጠግናለሁ፤ ብረት እነካለሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ ያገኘሁትን በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፤ ደንበኞቼ ደብዳቤ አበዛህ ብለው ይስቁብኛል። ባለፈው ሰሞን አንድ ባለ ኮምባይነር መጣና "ሾፌሬ አውቆ ነው የሰበረው ብለህ ጻፍልኝ፣ ላባርረው ነው" አለኝ። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አርጅቶ ነበር ያገኘሁት፤ ያረጀ ኩሽኔታ ብዬ ጻፍኩለት። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ ሌላ ጋራዥ ሄደ።

ጥሩ ደንበኛ ነበር። እጄን ታጠብኩና ምሳዬን በላሁ፤ ጣፈጠኝ።